ሞንታርቦው የጠራው ስም

ባለፈው ሳምንት የእህቴን የግፊት ክኒን ልገዛ ጳውሎስ ወርጄ ነበር። ከመድኃኒት ቤቱ ስወጣ አንድ ሰውዬ የመብራት ምሰሶ ላይ «የሚከራይ ቤት» የሚል ወረቀት ይለጥፋል። በባልዲ የያዘው ኮላ እንደ ድሮው በዱቄት የተሠራ ነው። ትንሽ ያረረ፣ ትንሽ የኮመጠጠ፣ ገንፎ ሊሆን አስቦ መንገድ ላይ የቀረ ዓይነት ሽታ አለው። እግሬ እዚያው ቆመ። ሰውዬው ልብሴ እንዳይበላሽ የሰጋሁ መስሎት «ይለፉ እማማ፣ አይነካዎትም» አለኝ። ታክሲ ወረፋው ጋ ስደርስ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ኖሮ፣ ከፊቴ የቆመች ሴት «አሞዎት ነው?» ብላ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። በዚህ ዕድሜ ማልቀስ ሌላው ቢቀር ወረፋ ያስቀድማል።

ያን ጊዜ የጉለሌ ግድግዳ ሁሉ ይህን ሽታ ይሸት ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ በሳንቲም የሚኬድበት፣ ሴቱ ሁሉ አፍንጫው የሾለ ጫማ የሚያደርግበት፣ ካሴት ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን በር ላይ አውጥተው አንዱ የሌላውን ዘፈን የሚያፍኑበት ዘመን ነው ብል ይበቃል። የአማርኛ ፊልም እንደ አሸን ፈልቶ ነበር። የዛሬ ፖስተር ላይ ነገ ሌላ ይለጠፍበታል፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሌላ። ክረምት ሲገባና ወረቀቱ ሲርስ ያ ሁሉ ተዋናይ ተደራርቦ ከግድግዳው ይገነደሳል። ፍየሎች የዱቄቱን ኮላ ሲሉ የስንቱን ቆንጆ ፊት በልተውታል። ሲኒማ ቤቶቹ ቀድሞ የህንድና የአሜሪካ ፊልም ነበር የሚያሳዩን፤ ህንዶቹ ሲያለቅሱ አብረን እያለቀስን፣ አሜሪካኖቹ ሲተኩሱ ወንበር ሥር እየተሸጎጥን ኖረን ነበር። አንድ ቀን የራሳችን ሰው በራሳችን ቋንቋ ሲያለቅስ አየንና፣ በቃ፣ ሰልፉ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። መዓት ዶላር የፈሰሰበት ፊልም ለባዶ ወንበር ሲታይ፣ በአንድ ካሜራና በተውሶ ሶፋ የተሠራው የእኛው ፊልም አስፋልቱን የሚዘጋ ሰልፍ ያሰልፍ ነበር።

የተውሶ ሶፋ ስል ላሾፍ አይደለም። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሀብታም ቤት የፕሮዲዩሰሩ አክስት ቤት ነው። መኪናው የጓደኛ፣ ውሻው የጎረቤት። አንዱን ወይን ጠጅ መጋረጃ በሦስት ፊልም ውስጥ አይቼዋለሁ፤ አንዴ ሠርግ ቤት፣ አንዴ ፍርድ ቤት፣ አንዴ ደግሞ ጠንቋይ ቤት ሆኖ። ተዋናዮቹ ልብሳቸውን ከየቤታቸው ይዘው ነው የሚመጡት። እኔ ሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊ ስለነበርኩ «እትዬ ሙሉነሽ፣ ይቺን ወገቧ ላይ ያጥብቡልኝ» እያሉ ሱቄ ይገቡ ነበር። አንዷ ዛሬ ድሀ ሆና የምትጫወትበትን ቀሚስ ነገ ሀብታም ልትሆንበት ስትፈልግ፣ ደረቱ ላይ ጥልፍ ጣል አድርጌ እሰጣታለሁ። በእኔ መርፌ ስንቱ ድሀ ሀብታም ሆኗል።

ኤልያስ የተባለው ዳይሬክተርም የመጣው ለልብስ ነበር። ቀጭን፣ ጸጉሩን ያሳደገ፣ ሲጋራውን ከጆሮው ኋላ የሚሰካ ወጣት ነው። ለፊልሙ ብሎ መኪናውን ሸጧል ይባላል። ወሬ ስናወራ፣ ከቁስቋም መውረጃ ዝቅ ብሎ ያለውን የአባታችንን ግቢ ሰማና ካላየሁት አለ። አየው፤ የእንጨቱን በረንዳና የዛገውን ቆርቆሮ አጥር እንደ ጉድ ወደደው። «እትዬ፣ እዚህ ግቢ ለቅሶ ብቀርጽ ይፈቅዱልኛል?» አለኝ። የፊልሙ ታሪክ፣ ናሆም የሚባል የአንዲት እናት ልጅ ሞቶ የሚለቀስበት ነው። በዚያ ዘመን ፊልም ላይ ወንዱ ሁሉ ናሆም ነበር፤ በእኛ ሰፈር ግን አንድም ናሆም አልነበረም።

እኔ እሺ አልኩ። ግቢው ግን የታላቅ እህቴ የእትዬ አስካለም ነው። እሷን መጠየቅ ከበደኝ።

እትዬ አስካለ አንድ ልጅ ነበራት፣ መስፍን። ቁመቱ የበር መቃን የሚነካ፣ ሳቁ ከግቢ ውጭ የሚሰማ፣ የእኔን የአክስቱን የልብስ መኪና ፈትቶ ገጥሞ አንዲት ቡሎን ሁልጊዜ የምትተርፈው ልጅ። ወደ ጦሩ ከሄዱት ጋር ሄደ። የሌሎቹ ልጆች አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ የአንዳንዶቹ መርዶ መጣ፤ ሰፈሩ ማልዶ ተሰብስቦ ነግሮ፣ ድንኳን ተጥሎ ተለቀሰላቸው። መስፍን ግን ራሱም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። መርዶ ካልመጣ ደግሞ ለቅሶ የለም። እህቴ ጥቁር አልለበሰች፣ ጸጉሯን አልቆረጠች፣ አልጋውን አላነሣች። ሰው ለቅሶ ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች፣ እንባ ግን አይወጣትም። «ሟርት ይሆንበታል» ትለኝ ነበር። የጎረቤቱም ሰው ስሙን በፊቷ አይጠራም፤ «ነበር» ለማለትም «አለ» ለማለትም አልሆነለትም። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

ስለ ፊልሙ ስነግራት ግን ሳቀች። «ለውሸት ለቅሶ ምን አስፈራሽ? ይምጡ፣ ግቢው ሰው ይይ» አለች።

የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ወልዴ ድንኳኑን ከነአግዳሚው እንዲያውሱ ብዙ ተለመኑ። «የሞተ ሳይኖር ድንኳን አይወጣም» ብለው ድርቅ ካሉ በኋላ፣ ካሜራው እሳቸውንም እንደሚያሳይ ሲሰሙ ለዘብ አሉ፤ ካፖርታቸውን አስተኩሰው መጡ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተሰለፈ። ጎረቤታችን ማርታ ጴንጤ ናት፤ «እኔ ለእውነቱም ዋይ ዋይ አልልም፣ ለውሸቱማ ጭራሽ፤ ሻይ ግን ላፍላ» ብላ ከጓሮ ምድጃ አነደደች። ጀነሬተሩ ይጮኻል፣ ኤልያስ ይጮኻል። ሴቶቹ «አልቅሱ» ሲባሉ ሳቃቸው ይመጣባቸዋል፤ «አትሳቁ» ሲባሉ ይብስባቸዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ መንገደኛ ሽማግሌ ከቁስቋም ማርያም ሲወርዱ ድንኳኑን አይተው ኖሮ፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ካሜራው ፊት ዘው አሉ። እንባቸው እውነተኛ ነው። ከተቀመጡ በኋላ ጎናቸው ያለችውን ቀስ ብለው «ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?» አሏት። ፊልም መሆኑን ስትነግራቸው ተቆጥተው ተነሡ። «በድንኳን ይቀለዳል? ሰው ድንኳን ካየ ገብቶ ያለቅሳል፣ ምን ያድርግ?» ኤልያስ ለቅሶ ደራሽ የሚመልስ ሰው በር ላይ አቆመ። እንዲህ ያለ በር ጠባቂ ጉለሌ አይታ አታውቅም።

እናትየዋን የምትጫወተው ተዋናይ ስሟ የገነነ ናት፤ ጥቁር ቀሚሷን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። እንባዋ ግን እምቢ አለ። ሽንኩርት ተከተፈላት፣ ዓይኗ ሥር ቪክስ ተቀባች፤ አፍንጫዋ ብቻ ቀላ። ኤልያስ ተስፋ ሲቆርጥ «እስቲ ከእናንተ አንድ እናት ትጀምርና እሷ ትከተል» አለ። ሴቶቹ ተያዩ። ከጥግ አግዳሚ ላይ የተቀመጠችው እህቴ ቀስ ብላ ተነሣች። ውኃ ልትጠጣ የተነሣች ነበር የመሰለኝ። መሐል ላይ ቆመች፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ከሆዷ ውስጥ ያ ድምፅ ወጣ።

«መስፍኔ! መስፍኔ ልጄ! ማን ገነዘህ? ማን አፈር አለበሰህ? የት ጥለውህ መጡ መስፍኔ!»

የሚስቅ ሰው ጠፋ። ስትስቅ የነበረችው ሁሉ አጎንብሳ ታነባለች። ስመ ገናናዋ ተዋናይ እህቴ እግር ሥር ወድቃ ትንሰቀሰቃለች፣ ያለ ሽንኩርት። ማርታ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች በድንኳኑ አፍ ቆማ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፤ ትጸልያለች። ሲያበቃ ኤልያስ ብቻውን አጨበጨበ። ሌላ የሚያጨበጭብ ሲያጣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። በኋላ ጥግ ይዤ ነገሩን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ፣ ስሙ ናሆም ስላልሆነ እዚያ ቦታ ላይ ሙዚቃ እናስገባበታለን፤ ስሙ አይሰማም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው፣ ክፋት የለውም። እህቴ ደግሞ ቤት ገብታ ፊቷን ታጠበች። የመስፍንንም አልጋ እንደወትሮው አነጠፈች።

ፊልሙ ሊመረቅ ሲቃረብ የማስታወቂያው መኪና መጣ። የዛሬ ሰው ፊልም መውጣቱን በስልኩ ነው የሚሰማው። ያን ጊዜ ግን አንዲት ፒካፕ ጣሪያዋ ላይ ሁለት ሞንታርቦ፣ ያ ትልቁ ድምፅ ማጉያ፣ ተጭኖባት፣ በጎንና በጎኗ ፖስተር ተለጥፎባት፣ ከአዲሱ ገበያ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ቁስቋም፣ ወርዳ ደግሞ ጳውሎስ ስትዞር ትውላለች። ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው «ልብ የሚሰብር የቤተሰብ ድራማ! ቅዳሜ ይመረቃል! መሐረብ ይዛችሁ ኑ!» ይላል። ሱቄ ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ እየዘመዘምኩ ሳለ መኪናዋ በበሬ አለፈች። መሐረቡን ካለ በኋላ ሰውየው ዝም አለና የእህቴ ድምፅ ተከተለ። የፊልሙ ሙዚቃ ገና አላለቀም ነበር፤ ማስታወቂያውን ያሰናዱት ሰዎች ድምፁን እንዳለ ቆርጠው ከተውታል። «መስፍኔ! መስፍኔ ልጄ! ማን ገነዘህ?» ሽሮ ሜዳ ሙሉ ሰማው። መርፌው ጣቴን ሲወጋኝ እንኳ አልተሰማኝም።

እየሮጥኩ ቤት ስደርስ ሰፈሩ ቀድሞኛል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ የድንኳኑ ብረት ከእድሩ ቤት በትከሻ እየመጣ ነው። ጋሽ ወልዴ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ሙሉነሽ፣ መርዶው መቼ መጣ? እድሩ ሳይሰማ፣ ለሰፈሩ ሽማግሌ ሳይነገር በመኪና ይለፈፋል?»

«ጋሼ፣ ፊልም ነው እኮ! ማስታወቂያ ነው።»

«ድምፁ የማን ነው?»

«የእሷው ነው።»

«የጠራችውስ ማንን ነው?»

«መስፍንን።»

«ታዲያ ምኑ ነው ፊልሙ?» አሉኝ።

ዞሬ ሕዝቡን ልመልስ ስል እትዬ አስካለ በረንዳው ላይ ወጥታ ቆማለች። አንድ በአንድ አየቻቸው። እኔም ትቆጣለች፣ ልጄን ሳይሞት አትግደሉብኝ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና አገላብጣ አዘቅዝቃ ለበሰችው። «ተያቸው ሙሉ» አለችኝ፤ «ይግቡ። ደክሞኛል።»

ሦስት ቀን ተቀመጥን። የዓመታቱ እንባ አንድ ላይ ነበር የመጣው። ሰው ሁሉ «መስፍን እንዲህ ነበር፣ መስፍን እንዲያ ነበር» እያለ ስሙን አፉን ሞልቶ ጠራው፤ ያቺን የምትተርፈውን ቡሎን ሳይቀር አንሥተው በለቅሶ መሐል አሳቁን። ማርታ ከቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ጋር መጥታ በቀስታ ዘመረችላት፤ ካህናቱም ጸሎተ ፍትሐት አደረሱ። ኤልያስ ሲሰማ በሦስተኛው ቀን መጣ። ያን ዕለት ራሱ በደረደረው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ቀና ማድረግ አቃተው። ሲወጣ «እማማ አስካለ፣ ማስታወቂያውን ዛሬውኑ አስቀይረዋለሁ» አላት። እጁን ያዘችው።

«እንዳታስቀይረው ልጄ። ይዙር። ከቻልክ ክፍለ ሀገርም ላከው። የት እንደወደቀ ያየ ሰው ካለ፣ እናቱ እየጠራችው መሆኑን ይስማ።»

መኪናዋ ዞረች። ከተማውን ሁሉ አዳረሰች፣ ክፍለ ሀገርም ወጣች ብሎኛል ኤልያስ። እኛ ደጃፍ ስታልፍ እህቴ ሥራዋን አቁማ ታዳምጣለች፤ ስታበቃ ትቀጥላለች። አየሁት የሚል ሰው ግን አልመጣም።

ለምርቃቱ ኤልያስ ከፊት ወንበር አስቀመጠን። ቀይ ምንጣፉ ከአንድ ሆቴል የተዋሱት ነበር፤ ጫፉ ላይ የሲጋራ እሳት በልቶታል። እህቴ እኔ የሰፋሁላትን ጥቁር ለብሳለች። አዳራሹ ጢም ብሏል፣ ደረጃው ላይ ሳይቀር ተቀምጠዋል። ለቅሶው ሲደርስ እህቴ በዚያ ትልቅ መጋረጃ ላይ ተነሣች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ አፏን ከፈተች፤ ያኔ ማሲንቆ ገባ። ጥሩ ማሲንቆ ነበር፣ አልዋሽም። ሰው ሁሉ መሐረቡን አወጣ። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ማሲንቆው ያለቅሳል፣ ስሙ የለም። እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ድምፄን የት አደረጉት?» አለችኝ። «ከማሲንቆው ሥር አለ እትዬ» አልኳት። እስኪያልቅ ድረስ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ትፈልገው ነበር።

ፊልሙ ለጥቂት ወራት በሰልፍ ታየ። ከዚያ የተቀዳው ሲዲ መንገድ ላይ በሸራ ተዘርግቶ መሸጥ ሲጀምር ሰልፉ ተነነ። ኤልያስ ሁለተኛ ፊልም አልሠራም፤ ሠርግ ይቀርጻል ሲሉ ሰምቻለሁ። ፊልም የምናይበት አዳራሽ የሸቀጥ መጋዘን ሆነ። አሁን ቀራጮቹ እጽዋት ማዕከል ወጥተው ዛፍ ሥር የዘፈን ክሊፕ ይሠራሉ፤ ፊልሙ ደግሞ በቀጥታ ዩቱብ ላይ ይወጣና ሰው ታክሲ ውስጥ እያሳለፈ፣ እየዘለለ ያየዋል። ድሮ ሺህ ሰው በአንድ ትንፋሽ ያለቀስንበት ነገር ዛሬ ለየብቻ በየመዳፋችን ሆነ። ይሁን። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው።

እትዬ አስካለ መርሳት ጀምራለች። በስተርጅና መርሳትስ ወግ ነው። ግን አእምሮዋ ለቅሶውን ጥሎ ጥበቃውን ማስቀረቱን ምን ይሉታል? ድንኳኑ ጠፋ፣ ጥቁሩ ልብስ ጠፋ፣ እነጋሽ ወልዴ ጠፉ። የቀረችው ያቺ አልጋ የምታነጥፈዋ እናት ናት። ጀንበር ማዘቅዘቅ ስትጀምር «መስፍን አልገባም?» ትለኛለች። «ምሳውን ከድነሽለታል?» ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ጨክኜ ነግሬያት ነበር። መርዶውን እንደ አዲስ ሰማችው፤ ጩኸቷን ሰምታ ማርታ በባዶ እግሯ መጣች። በማግስቱ ረስታው «መስፍን አልገባም?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ «ይመጣል» እላታለሁ።

ከጳውሎስ የተመለስኩ ዕለት ታዲያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ለቅሶዋን ራሷ ብታየው፣ አልቅሳ እንደጨረሰች፣ ሰው መጥቶ እንዳጽናናት ትዝ ይላት ይሆናል። እኔ ሳልነግራት ራሷ ታውቀዋለች፤ ከዚህ ጥበቃም ትገላገላለች። ዩቱብ መጎርጎር አያቅተኝም፣ አትናቁኝ። ፊልሙን ማን እንደጫነው እንጃ፣ ከነማሲንቆው አገኘሁት። ከሥሩ አንዱ ተመልካች «የምታለቅሰው ሴትዮ ትወናዋ ልዩ ነው፣ ማን ትባላለች?» ብሎ ጽፏል። የመለሰለት የለም። መጨረሻው ላይ ለመንደሩ ነዋሪዎች ምስጋና ይላል እንጂ ስሟ የለበትም።

በረንዳው ላይ ጎኗ ተቀመጥኩና ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩላት። ድንኳኑ መጣ። ጋሽ ወልዴ በካፖርታቸው መጡ። ጥግ ላይ ያለችው ሴት ተነሣች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ አፏን ከፈተች። ማሲንቆው ገባ። እህቴ አንገቷን ወደ ስልኩ አሰገገች። አወቀችው አልኩ በልቤ።

«ምስኪን!» አለች። «ልጇ ነው የሞተባት?»

«አዎ እትዬ።»

«ማንን ነው የምትጠራው? ዘፈኑ አላሰማ አለኝ።»

ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ፊቷን አየሁት። ያ መርዶ እንደገና ሲወድቅበት ማየት አልቻልኩም።

«ናሆም» አልኳት።

«ነፍሱን ይማረው። ናሆሜን!» ብላ ነጠላዋን አገላብጣ አዘቀዘቀችና አለቀሰች። ሟርት ይሆንበታል ሳትል፣ ለማታውቀው ለሰው ልጅ፣ የልቧን። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ እኔ ያለቀስኩት ለሌላ ነው። ቆይታ ክንዴን ያዘችኝ፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ።

«በቃሽ ሙሉ፣ አይዞሽ» አለችኝ። «ተይው አሁን። መስፍን ሲገባ እንዲህ ሆነሽ እንዳያይሽ።»